የእማዬ ደረጃና የእህቴ ፊርማ

በአሮጌው ሰፈር የእህቴ ስም «አይነካም» ነው። ወላጆቻችን ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ባለሙያ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትለካና ስትመዘግብ ኖራለች። አንዱ በረንዳዬን በብሎኬት ልድፈን ይላል፤ አይነካም። ሌላው የእንጨት መስኮቴን በአሉሚኒየም ልቀይር ይላል፤ አይነካም። በመንገድ ስታልፍ መዶሻ የያዘ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላው ይደብቃል። እኔ ታናሿ ነኝና እንደ ልቤ አሾፍባታለሁ፤ ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ «ፈቃድ አለህ?» ሳትለኝ አትቀርም እላታለሁ። አትስቅም።

እውነቱን ለመናገር እሷ ባትኖር ሰፈሩ ይሄኔ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ነበር። ግን ዕረፍት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ምሳ እየበላች ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ከሰማች ማንኪያዋን ጥላ ትወጣለች፤ እኛም የእሷን ሳህን ከድነን እንቀጥላለን።

የዘንድሮው ጭንቀት ግን ከገዛ ቤታችን መጣ። ቤታችን ከተመዘገቡት ቤቶች አንዱ ነው። ላይ ሁለት ክፍል አለ፤ ታች መስኮት የሌለው ዕቃ ማስቀመጫ፤ በመካከል እንደ መሰላል ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ፣ አሥራ አምስት እርከን። መጸዳጃው ግቢው ውስጥ ነው። የእማዬ ጉልበት ከከዳት ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ለብቻዋ ስትወርድ መሀል ላይ እግሯ አልታዘዝ አላትና፣ መውጣትም መውረድም አቅቷት፣ እኔ ለምሳ እስክመጣ ድረስ መደገፊያውን ታቅፋ ቆየች። ስደርስ «እዚህ ደህና ነፋስ አለ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሐኪሙም ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም ብሎ ቁርጡን ነገረን።

ስለዚህ ወይ ላይ እንደታሰረች ትቀራለች፣ ወይ ታች ትኖራለች። ታች ለመኖር መስኮት ያስፈልጋል፤ መስኮት የሚወጣው ደግሞ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ ግድግዳ አይነካም።

እማዬ ማመልከቻ አጻፈችኝ።

«ልጅሽ አይደለችም እንዴ? በቃል ንገሪያታ!» አልኳት።

«እሷ በቃል የምትሰማው መቼ ነው? እንደ ሰው ሁሉ በወረቀት ይምጣባት።»

ወረቀቱ እህቴ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለጠላቴም አይስጠው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከእኛ ሦስተኛው ቤት የሚኖረው ልብስ ሰፊ ያንኑ ጠይቋት ነበር። ሚስቱ ግማሽ አካሏ አልንቀሳቀስ ሲላት፣ ለታችኛው ክፍል መስኮት ላውጣለትና ሰው እያየች ትዋልበት አለ። እህቴ አይነካም ብላ ፈረመች። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ላይኛው ክፍል ተኝታ ከረመች፤ የወረደችው አርፋ፣ አራት ሰው ተሸክሟት ነው። ልብስ ሰፊው አልጮኸም፣ አልከሰሰም። ለእህቴ ሰላምታ መስጠት ብቻ ተወ።

«ለእናቴ ብፈቅድ እሱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ትላለች እህቴ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች።

«ባትፈቅጂስ እማዬን በምን ዓይንሽ ታያታለሽ?»

«ዝም በል አንተ!»

እማዬ ከላይ ሆና «ስለ እኔ ከሆነ ጮክ በሉ፣ አልተሰማኝም!» ትላለች።

በስድስተኛው ቀን እህቴ ከሥራ ቀርታ ታችኛው ክፍላችን ገባች። ግድግዳውን ከጥጉ ጀምራ በጣቷ አንጓ ታንኳኳ ጀመር። ድንጋዩ ድፍን ያለ ድምፅ ነበረው። መሀሉ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተቀየረ፤ ባዶ በርሜል የመታች ይመስል ነበር። ቢላ አምጣ አለችኝ። ልስኑን ስትፍቀው የጡብ ቅስት ብቅ አለ፤ ከቅስቱ ሥር ያለው በጭቃና በስብርባሪ ድንጋይ የተደፈነ ነው። ቤቱ ሲሠራ እዚህ ጋ መስኮት ነበረው፤ የደፈነው ኋላ የመጣ ሰው ነው። ደንቡ ደግሞ አዲስ መክፈትን ይከለክላል እንጂ የጥንቱን መመለስ አይከለክልም።

«ተገላገልን!» ብዬ ዘለልኩ። «ደንቡም ዳነ፣ እማዬም ዳነች!»

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ረድፉን በሙሉ የሠራው አንድ ግንበኛ ነው» አለች። «የልብስ ሰፊውንም። እኔ እኮ ሄጄ አላየሁለትም። ፎቶ አይቼ ነው ጠረጴዛዬ ላይ የፈረምኩት። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

«ተይው በቃ» አልኳት። «ሴትዮዋ አርፋለች። አሁን ብትነግሪው ቁስሉን መነካካት ነው እንጂ ምን ይጠቅመዋል?» ከልቤ ነበር ያልኩት።

«የእኛ ሲከፈት ቅስቱን ያየዋል፤ ያኔ ይገባዋል። ከመንገድ ከሚያገኘው ከእኔ አፍ ይስማው» ብላ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወጣች። ተከተልኳት።

ልብስ ሰፊው ታችኛው ክፍሉ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ይሰፋል። እህቴን ሲያይ የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሁ?»

«ምንም አልነኩም፣ ጋሼ። ግድግዳውን አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

ሄዳ መሀሉን አንኳኳች። ሦስታችንም ሰማነው። ያገኘችውን እስከ መጨረሻው ነገረችው። እሱ ብድግ ብሎ በመዳፉ ግድግዳውን ደገፈ፤ ቶሎም አላነሳውም።

«ይቻል ነበር ማለት ነው?» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ። መጥቼ ባየው ኖሮ ይቻል ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ እንኳ አይደለም።

«ለእናትሽ ፈርሚላቸው» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው ምን አደረጉኝ? የእኔ ማመልከቻስ ፋይል ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ትክክለኛውን መልስ ጽፈሽ አምጪልኝ።»

«ነገውኑ ሠራተኛ አመጣለሁ፣ መስኮቱን እኔው ራሴ ቆሜ አስከፍትልዎታለሁ» አለች እህቴ እየተጣደፈች።

«መስኮት አላልኩም» አለ ልብስ ሰፊው። «ለማን ብዬ ነው የምከፍተው? መልሱን ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ሁለት የፈቃድ ወረቀት ፈረመች፤ አንዱን ለእማዬ፣ ሁለተኛውን በልብስ ሰፊው ሚስት ስም። ፈቃዱ የዘገየበትን ምክንያት «ባለሙያዋ ቤቱን ሄዳ ስላላየች» ብላ በእጇ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ ወሰደችለት። እሱም በር ላይ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ከሚስቱ ስም ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ ጮክ ብሎ አነበበው።