እትዬ የሸመደዷት እንግሊዝኛ

እንፋሎት የጋለውን ካውያ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ጥላው ወደ ጓሮ ሮጠች። ገመድ ላይ ከተሰጡት እርጥብ አንሶላዎች መሃል ሾልካ ገባችና አንዱን እንደ መጋረጃ ፊቷ ላይ ስባ ትንፋሿን ዋጠች። የአክስቷ የእትዬ ድምፅ እስከ ጓሮ ድረስ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት! ከ«ኦኬ» እና ከ«ታንክ ዩ» ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ እትዬ፣ ባንኮኒውን ተደግፈው፣ ሱፉን ሊወስድ የመጣውን አስተርጓሚ፦

«ኔክስት ይር፣ አይ ዊል ሊቭ ሂር ኤንድ ኦፕን ማይ ኦውን ሾፕ!» ይሉታል።

ሲፈታ፣ «በሚመጣው ዓመት ከዚህ ለቅቄ የራሴን ሱቅ እከፍታለሁ» ማለት ነው። እትዬ ግን «እንኳን ወደ ቤታችን በደህና መጡ» ያሉ ነው የሚመስላቸው። እንደዚያ ነው ብሎ የነገራቸው ማን ሆነና? ራሷ እንፋሎት ናት።

እንፋሎት ቅጽል ስሟ ነው። ካውያ ስር ስላደገች፣ ደንበኛም ሁሌ የሚያያት በጭጋግ ውስጥ ስለሆነ ወጣላት፤ ዋናው ስሟ ተረስቷል። እናቷ ስትሞት ያሳደጓት እትዬ ናቸው። ቤቱ የኪራይ ቢሆንም ልብስ ማጠቢያው የእሳቸው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አልጋዋም የእሳቸው። ከማሽኖቹ አንዱ ሲያሽከረክር እንደ ፍየል ስለሚዘል እትዬ ላዩ ላይ ይቀመጡበታል። ሻይ የሚጠጡትም፣ ደንበኛ የሚቆጡትም፣ የሰፈር ወሬ የሚሰሙትም እዚያው ላይ እየተንቀጠቀጡ ነው።

እሳቸው ቤት ደግሞ ስለ ነገ ማውራት ክልክል ነው። «ያልደረቀ ልብስ አይታጠፍም» ይላሉ። «ወንድሜ መኪና ልገዛ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ ነው!»

ስለዚህ እንፋሎት የራሷን ሱቅ የመክፈት ሐሳቧን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞስ ያሳደገን ሰው «ትቼዎት ልሄድ ነው» ይባላል? እትዬ ቢቀየሙባት የት ትገባለች? ሌላ ዘመድ የላትም።

ነገሩ የመጣው እንፋሎት ከምትማርበት የማታ ትምህርት ቤት ነው። የእንግሊዝኛው አስተማሪ፣ የኮቱ እጅጌ ሁሌ ጠመኔ የሚለብሰው (እንፋሎት ባየችው ቁጥር አውልቃ ማጠብ ያምራታል)፣ የወሩ ጭውውት ስለ ወደፊት እቅድ ነው አለ።

«መጻፍ የለም! ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰው፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። የማይነገር ቋንቋ ሳጥን ውስጥ እንደተረሳ ሱፍ ነው፤ ብል ይበላዋል።»

ዳቦ ጋጋሪው ተነስቶ «አገባለሁ» አለ። «ማንን?» ቢባል «እሱን ገና አላቀድኩም» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። የእንፋሎት ተራ ሲደርስ ያ የተደበቀ ነገር ዱብ አለ። በአማርኛ ብትሞክረው አይወጣላትም ነበር። በእንግሊዝኛ ግን የተዋሱት ልብስ ይመስላል፤ ለብሰሽው ብትወጪ ማን ያውቅሻል?

ጠዋት ጠዋት ማን ፊት ትበለው? ያሉት እትዬ ብቻ ናቸው። ማሽኑ ላይ እንደተቀመጡ ዓይን ዓይናቸውን እያየች አለችው። «ምን ማለት ነው?» ሲሏት ደነገጠችና «እንኳን ደህና መጡ» አለቻቸው። እሳቸውም ወደዱት፤ አብረዋት ይሉት ጀመር። እየዘለሉ ስለተማሩት «ኔ-ኔ-ኔክስት» ነበር የሚሉት። ለደንበኛ ይሉታል ብላ ግን በሕልሟም አልጠረጠረችም።

አሁን አንሶላው ውስጥ ሆና ትሰማለች።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ!» አለ አስተርጓሚው። «የት ነው የሚከፍቱት?»

«ምኑን?»

«ሱቁን ነዋ።»

«ሱቁማ ይኸው ተከፍቷል፤ አይታይህም እንዴ?»

«አይ፣ አዲሱን። ከዚህ ለቅቄ የራሴን እከፍታለሁ አሉኝ እኮ።»

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

እትዬ ወደ ጓሮ ዞረው፣ «አንቺ እንፋሎት! ነይ እዚህ!» አሉ።

ስትገባ ከእትዬ ቁጣ በፊት የተቀበላት የጭስ ሽታ ነው። ሸሚዙ! እትዬ ካውያውን ብድግ ሲያደርጉት ጀርባው ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

«የራስሽን ሱቅ ስትከፍቺም የሰው ሸሚዝ እንዲህ ነው የምታቃጥዪው?»

«የኔ ነው፣ ግዴለም» አለ አስተርጓሚው፤ «ኮት ይሸፍነዋል።» ሱፉን አንጠልጥሎ፣ ሳቁን አፍኖ፣ እብስ አለ።

«በየጠዋቱ ዓይን ዓይኔን እያየሽ?»

«አስተማሪው ነው እያያችሁ በሉ ያለን...»

«እኔም ቂሏ አብሬሽ! ለሐኪሙ ብያለሁ፣ ለቆጣሪ አንባቢው ብያለሁ፣ ለአከራዩ...» እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ለአከራዩም?»

«‹ቬሪ ጉድ፣ ቬሪ ጉድ› ብሎ ጨበጠኝ! ትናንት ሜትር ይዞ ግድግዳውን ሲለካ የነበረው ሰውዬስ? እኔ ቀለም ሊቀቡልን ነው ብዬ ሻይ ጋብዤዋለሁ! ለካ አዲሱን ተከራይ ኖሯል!»

እንፋሎት ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። እትዬ ግን ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። ማሽኑ ላይ ዘፍ ብለው፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ፣ በሳቅ ብዛት ብቻ ተንቀጠቀጡ። ዓይናቸውን በሰው ፎጣ ጠረጉ።

«በይ አሁን በአማርኛ ንገሪኝ» አሉ። «ያስተማርሽኝን አይደለም፤ እውነቱን።»

«እትዬ፣ ያልደረቀ ልብስ...»

«ተቃጥሎ ደረቀ እኮ! ተናገሪ።»

ተናገረች። ዓይን ዓይናቸውን እያየች። በር ላይ መስታወት ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው ሱቅ። የማይዘሉ ማሽኖች። እትዬ የተቃጠለውን ሸሚዝ አንስተው አጠፉት፣ ፈቱት፣ መልሰው አጠፉት።

«እኔስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ማሽኖቹ ካልዘለሉ ምን ላይ ነው የምቀመጠው?»

እንፋሎት ሳቀች፤ እንባዋም መጣ። ለዚህ የሚሆን ወንበር በእቅዷ ውስጥ አልነበረም። አሁን ገባ።

«ጥሩ» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «አከራዩ ጋ እንሂድ። ምን እንበለው? አንለቅም እንበል፣ ወይስ እንለቃለን?»

እንፋሎት በአማርኛም አሰበችው፣ በእንግሊዝኛም አሰበችው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች።