ሰው የሌለበት አረንጓዴ

ትናንት አሶሳ ጸጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ዜና ያነብ ነበር። ከዜናው ሥር ካርታ አለ፤ የክልላችን ግማሽ በአንድ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል፤ መንደር የለ፣ መንገድ የለ። “ይሄ ሁሉ ጫካ ነው እንዴ?” አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ካርታውን አጎላሁት፤ አንድም የመንደር ስም አልነበረበትም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከሳተላይት ፎቶ ቀላል ካርታ መሥራት። ወንዙንና መንገዱን በመስመር አወጣለሁ፣ የመንደሮቹን ስም እጽፋለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። ከሰማይ ሲያዩት ሱዳን ድንበር ላይ ያለው ኩርሙክ እንኳ ቅርብ ይመስላል፤ ጉዱን የሚያውቀው መኪና ላይ የወጣ ሰው ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ኩባንያ በኩርሙክ መንገድ ሰፊ እርሻ ሊከፍት ነው ተባለና የቦታውን ካርታ እንድሠራ ታዘዝኩ። ፎቶው ላይ ዱር ይመስላል። እኔ ግን የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴን በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ፓዌ ሲያወርዱት “ባዶ መሬት ነው” ብለውት ነበር፤ ሣሩን ሲመነጥር የሰው ጉልቻ አገኘ። ስለዚህ ሄጄ ልይ አልኩ።

በጭቃ ስንንፏቀቅ ውለን በደረስንበት መንደር ሐዋ የሚባሉ የበርታ እናት ተቀበሉኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ከጓሯቸው ጀምሮ የተንሰራፋው ዱር የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በምትችለው አማርኛቸው መለሱልኝ።

“የኛ ነው። ሦስት ክረምት ዘራን፣ መሬት ደከመ። አሁን ይተኛል። ኋላ ልጆች ይመለሳል፣ ይዘራል።”

ተመልሼ የመንደሩን ቤቶች በነጠብጣብ አውጥቼ፣ ስሙን ጽፌ፣ ያረፈውን ማሳ ቢጫ አድርጌ ካርታውን ጨረስኩ። አለቃዬ በኩባንያው ግብዣ የፍየል ጥብስ ሲበሉ ውለው መጡ። ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን በቅባታም ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

“ይሄ ሁሉ ነጠብጣብ ምንድን ነው? አንባቢ ግራ ይጋባል። አረንጓዴ አድርገውና ይውጣ።”

“ጋሼ፣ ሰው ይኖርበታል። ቤታቸው በልቼ ነው የመጣሁት።”

“ካርታ ሥራ ተባልክ እንጂ ሰው ቁጠር አልተባልክም።”

እምቢ ስል ወንበሬን ስበው ራሳቸው ተቀመጡበት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። መንደሩን አጠፉ፣ ማሳውን አረንጓዴ ቀቡት፣ ከሥሩ “ያልለማ መሬት” ብለው ጻፉበት። እንግዲያው ስሜን ከካርታው ያውጡልኝ አልኳቸው፤ እሱን ያለ ክርክር አወጡልኝ። ስክሪኑ ላይ የቀረውን የጮማ አሻራ በእጅጌዬ ጠረግሁት። በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቅኩ።

ኩባንያው መጣ። አጠረ፣ መነጠረ፣ ጥቂት ዓመት አረሰና ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ አጥሩና ዘበኛው ግን ቀሩ። እማማ ሐዋ መንደሩ ሲነሣ አሶሳ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

አምና ሞቱ። እዚያው መንደር ከተቀበሩት ባላቸው ጎን ቅበሩኝ ብለው ነበርና አስከሬኑን ይዘን እስከ አጥሩ ሄድን። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አላስገባንም። ኩባንያው ሲረከብ በካርታ ላይ መቃብር የሚባል ነገር አልነበረም አለን። ከሽቦው ማዶ የባላቸው መቃብር ድንጋይ ይታየናል።

አሶሳ መልሰን ቀበርናቸው። ሰው ይሞታል፤ እሱስ ይለመዳል። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ፣ ባልና ሚስቱን የለያየው ሞት አለመሆኑ ነው።