የሦስት ቀን ክኒን በአንድ ጠዋት

ወደ ምሥራቅ ግንባር እንድንንቀሳቀስ ትእዛዝ ሲመጣ አዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳንርቅ ሰፍረን ነበር። እኔ የጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠላት ሳናይ የወባ ትንኝ ቀድሞን፣ ብዙዎቻችን ታመን ተኝተናል።

የዚያን ጊዜው መድኃኒት ክሎሮኪን ነው። ይመራል፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያስመልሳል። ሽፍታ ሳያወጣ ገላን ያሳክካል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ሳይቀር። መትረየስ ተኳሻችን ጴጥሮስ እዚያው አዋሳ አጠገብ የቱላ ልጅ ነው፤ ጀርባውን ከመኪናው ጎማ ጋር እያሻሸ «እህቴ፣ ሬዲዮውን ተይና እከኪኝ፤ ለአብዮቱ ይቆጠርልሻል» ይለኝ ነበር።

ክኒኑ ለሦስት ቀን ተከፋፍሎ የሚዋጥ ነው። የጤና ረዳታችን ይህን ለአዛዡ ነገረው።

«ነገ እንነሳለን። ሦስት ቀን የለኝም፤ በአንዴ ስጣቸው።»

«ጓድ ሻምበል፣ ልብ ያቆማል።»

«የፈሪን ልብ ነው የሚያቆመው።»

ጠዋት ተሰለፍን፤ ሕመምተኞቹ ከፊት። ጴጥሮስ የመጀመሪያውን ቀን ድርሻ ትናንት መዋጡን ተናገረ።

«ብትውጠው ኖሮ ትኩሳቱ ይለቅህ ነበር። ተፍተኸዋል» አለው አዛዡ። ክኒኑን በእፍኙ ሰጥቶ አስዋጠው፤ አፉን አስከፍቶ አየ። በላዩ የዚያኑ መድኃኒት መርፌ አስወጋው። እኛ ዘንድ መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከመ አይባልምና ከሰልፉ «እኔንም ውጉኝ» ያለ ነበር።

ፀሐይዋ ሳትጠነክር ጴጥሮስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ሐይቁ የት ሄደ?»

ሐይቁ ፊት ለፊቱ ነበር። እጁን ያዝኩት። ተንቀጠቀጠ፤ ወደቀ። የጤና ረዳቱ ደረቱን ደጋግሞ ቢጫነውም አልተመለሰም። አዛዡ «ሌሎቹን ሕመምተኞች መኪና ላይ ጫኑ» አለ። ቱላ ቅርብ ነበር፤ ለእናቱ እንኳ ሳንነግር ቀብረነው ተነሳን።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ኮረብታ እንድንይዝ ታዘዝን። ጎህ ሲቀድ ወጣን። መትረየሱን የያዘው አዲስ ሰው ነበር። ረፋድ ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ። ሰባት ሰው ወደቀብን። አዛዡ ቁጥሩን ለበላይ እንዳስተላልፍ አዘዘኝ። ስምንት ብዬ አስተላለፍኩ።

«ሰባት ነው ያልኩሽ።»

«ጴጥሮስን ጨምሬ ነው።»

«እሱን ወባ ነው የገደለው። አርሚው።»

አላረምኩም። ሬዲዮውን ተቀማሁ፤ ታሰርኩ።

ተፈትቼ ስመለስ ቱላ ሄጄ ለእናቱ እውነቱን ነገርኳቸው። ሰባቱ በጥይት ሞቱ፤ ጦርነት ነውና ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጴጥሮስ የሞተው ግን ሊያድነው በተሠራ መድኃኒት ነው፤ አገሩ ላይ፣ እናቱ ደጅ። ከእኛ መካከል ወባ የገደለው ሰው የለም። አርጅቻለሁ፤ ስምንት ያልኩትን አሁንም አላርምም።