ከማርቆስ መናኸሪያ የተመለስኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሰፋው ብርቱካን ከጤና ጣቢያ መጥታ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ሥራ ግን አልጀምር አለች። ክሩን መርፌው ላይ ትሰካለች፣ መልሳ ታወጣዋለች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"የማህፀን በር ምርመራ አድርጊ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሁሉ ማድረግ አለባት አሉ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ የሻረግ፣ እርስዎ አድርገው ያውቃሉ?"

መቀሱን አስቀመጥኩ። አዎ፣ አድርጌ አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን ሸሽቼ ነበር።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እዚሁ ደምበጫ በአንዲት አሮጌ መኪና ቀሚስ እሰፋ ነበር። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ የሚያመኝ ነገር የለም። የሚያስፈራኝ የእናቴ ነገር ነበር። እናቴ የወር አበባዋ ከቀረ ከዓመታት በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ሁለት ዓመት ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አስቀደሰች። "ምን በድላ ይሆን?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠበል ተጠመቀች፣ ሥር ጠጣች። ወገቧን ይዛ ማቃሰት ስትጀምር ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ሐኪሙ አባቴን ለብቻው ጠርቶ "ዘግይታችኋል" አለው። የዚያን ጊዜ የቤታችንን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። እንግዳ ሲመጣ ሮጠን አሪቲ እንጎዘጉዝ ነበር።

እሷ ከሞተች ወዲህ ወገቤን ቆረጥ ባደረገኝ ቁጥር "መጣ" እላለሁ። ለባሌም ትንፍሽ አላልኩም። የበሽታውን ስም ከጠራሁት ሰምቶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ያወቀችብኝ ዘሀራ ናት። ዘሀራ ከባሏ ጋር ጨርቅና ክር የምትሸጥ፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን ክር ልገዛ ገብቼ፣ ማርቆስ ሐኪም ቤት የማህፀን በር ምርመራ መጀመሩን እንደ ዋዛ ስትነግረኝ ፊቴ ተለዋወጠ። በሩን መለስ አድርጋ በርጩማ ሰጠችኝ። የእናቴን ነገር ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"በቃ፣ ማክሰኞ እንሄዳለን" አለች።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ? ምንም አላመመሽ።"

"ላጅብሽ ነዋ! ብቻሽን ከሄድሽ ከመንገድ ትመለሻለሽ።"

ወሩ ሐምሌ ነበር። የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ዝናቡ ትከሻዬን እያራሰው ሄድን። ግራና ቀኝ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ጭቃው ውስጥ ይንቦጫረቃል። ዘሀራ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመች ታወራለች፤ እኔ የሰጠችኝን እፍኝ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ከበሩ ጀርባ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እኔ ግን የራሴን ለቅሶ ያየሁ መሰለኝ። ተራዬ ሲደርስ፣ "አንቺ ቅደሚ፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ" አልኳት ዘሀራን።

ዘሀራ በእኔ ተራ ልትመረመር ገባች። እኔ በግቢው በር ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን እየያዘኝ መናኸሪያ ደረስኩና የደምበጫው ሚኒባስ ውስጥ ተወሸቅሁ። አንዲት ሴትዮ ትኩስ ቅቅል ድንች በመስኮት ብትዘረጋልኝ አንገቴን ደፋሁ። መኪናው ሊሞላ ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዘሀራ እየሮጠች መጣች። ሻሿ ከራሷ ተንሸራቷል። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

"የሻረግ፣ እኔ ላይ አዩ" አለችኝ።

"ምን አዩ?"

"የማህፀኔን በር አቸቶ ሲቀቡት ነጭ ሆነ፤ ጤነኛ ቢሆን አይነጣም አሉ። ዛሬውኑ እናክምሽ ብለውኛል።" የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠች። "ልመልስሽ አይደለም የመጣሁ። ብቻዬን መግባት ፈርቼ ነው።"

ወረድኩ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተመለስን፤ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

ነርሷ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። "ካንሰር አይደለም፣ አይደንግጡ። ዝም ብንለው ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አሁን በሚያቀዘቅዝ ጋዝ እናክመዋለን" አለቻት። ራስጌዋ ቆሜ እጇን ያዝኩ። ጋዙ ሲያፏጭ እሷ "ያ ረቢ" ትላለች፣ እኔ "እመቤቴ" እላለሁ።

"አሁን ደግሞ እርስዎ" አለችኝ ነርሷ። ዘሀራ የቀሚሴን ጫፍ አልለቅ አለች።

አልጋው ላይ ወጣሁ። ብረቱ ቀዘቀዘኝ፣ አቸቶው ሸተተኝ። ትንሽ ለበለበኝ እንጂ ሕመም የሚባል አልነበረውም። የገደለኝ ዝምታው ነው። ያቺ ደቂቃ እንደ ዐቢይ ጾም ረዘመችብኝ።

"ምንም የለብዎትም" አለች።

"እስቲ ደግመው ይዩት!"

ደግማ አየች። ምንም አልነበረም። ዘሀራ ፊት መደሰት አፍሬ ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ።

ዘሀራ በዓመቱ ተመልሳ ስትታይ ድና ተገኘች። ዛሬም ጨርቅ ትሸጣለች፣ ትስቃለች። አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ እኔ ደፋር ሆኜ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ፣ ምንም ያላመማት ሴት ምን ብላ ትመረመር ነበር?

ይህን ሁሉ ለብርቱካን ነገርኳት። ክሩን መርፌው ላይ እንደያዘች ቀረች። "አሁንስ አይፈሩም?" አለችኝ።

"ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት።

ፊቷ ፈካ አለ። እሷን ላበረታት መስሏታል። እውነቱን ለመናገር የእኔም የምርመራ ቀጠሮ ካለፈ ቆይቷል፤ ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነው።