አራት መርፌ ቁልፍ

በ2012 ዓ.ም. የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። እስካሁን የሰነበተ ሙዝ ሲሸተኝ ያ ዓመት ይመጣብኛል። ዛሬ ጠዋት ልጄ ሙዝ ገዝታ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ አንስቼ ለጎረቤት ሰጠሁት። ምን ነካህ ስትለኝ ወሬ ቀየርኩባት። ላንተ ግን ልንገርህ።

ኦማን፣ ሙስካት ከተማ፣ ቦሻር ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ዘበኛም አትክልተኛም ነበርኩ። ወጥ ቤቷ የሀገሬ ሰው ናት፤ አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ጋሼ ነበር የምትለኝ። ሁለታችንም ከአሠሪያችን ከማዳም ገበታ በሚተርፈው ሩዝ ተነፍተን ነበር። ጉልበቴን ያየው ሐኪም ኪሎ ቀንስ፣ አለዚያ በእግርህ አትሄድም ብሎኛል። እሷ ደግሞ እህቷ ከሀገር ቤት የላከችላት ነጭ ቀሚስ ወገቧ ላይ አልዘጋ ብሏት ሻንጣ ውስጥ ቀርቷል።

መቀነሱማ አይቸግረኝም። በየዓመቱ በሁዳዴ እቀንሳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሃምሳ ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ኪሎ እንደ ባለጌ ውሻ ነው፤ በበር ብታስወጣው በአጥር ይገባል። ይህን ስነግራት ሳቀች።

«እንወራረድ ጋሼ። እስከ ጰራቅሊጦስ ብዙ የቀነሰ ያሸንፋል። የተሸነፈ የሌላውን ልብስ ያጥባል።»

«የሴት ቀሚስ? እኔ?»

«ምነው፣ ካሁኑ ፈሩ እንዴ?»

ማዳም የጣለችው ሚዛን ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ እንወጣበታለን። ጾሙ ሳይጋመስ ኮሮና ገባና ከተማው ተዘጋ። ከግቢ መውጣት ቀረ፣ ቅዳሴም በስልክ ሆነ። በሩ ሁሉ በረኪና ይሸታል። መንገዱ ጭር ከማለቱ የተነሳ፣ ቤቱን ከሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ በር ላይ ቁጭ ብዬ ይሰማኝ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳንቀምስ እንውላለን። ቀበቶዬን በምስማር ሦስት ጊዜ በሳሁት።

ፋሲካ ዕለት ቀሚሱ ተዘጋላት። ለብሳው ግቢ መሐል ዞረችልኝ፤ ከፀሐዩ ጋር ዓይን ይወጋል። ብቻዋን እልል አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ። እኔ ዶሮውን ስቀምስ ቦርጬ ተመለሰ። እሷም ከእኔ እኩል ትበላለች፤ ግን መቀነሷን አላቆመችም። እሁድ እሁድ ያን ቀሚስ ስትለብስ እየሰፋት በመርፌ ቁልፍ ትሰበስበዋለች። አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አራት። ውኃ በጆግ ታንቆረቁራለች፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ስትናገር ትንፋሿ የሰነበተ ሙዝ ይሸታል።

እኔ ሞኙ ምን አልኩ? «አንቺ አታላይ! ተደብቀሽ ሙዝ ብቻ እየበላሽ ነው!»

«ሙዝ ከየት አባቴ አምጥቼ?» አለችና ግድግዳውን ተደገፈች። «ደክሞኛል ጋሼ። ማዳምን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ልበላት ይሆን?»

«አሁን ብትሄጂ ኮሮና ነው ብለው ይዘጉብሻል። የቀጠነ ሰው ይደክመዋል። ልታሸንፊኝ ደርሰሽ? በርቺ እንጂ!»

 በርቺ አልኳት።

ከፋሲካ ወዲህ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ በሥራ ልብሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩን ልታይ ጎንበስ ስትል እዚያው ተቀመጠች፤ ከዚያ በጎኗ ተኛች። በረጅሙ፣ በከባዱ ትተነፍሳለች። ጋራዡ ሙዝ ሙዝ ሸተተ። አምቡላንስ መጣ፤ ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑ ሰዎች አንስተው ወሰዷት። አብሬ ልሂድ ብል በእጃቸው መለሱኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማዳም አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በረንዳው ላይ ቆመች።

«ኮሮና ማፊ» አለችኝ ከሩቅ። «ሱከር። ኻላስ።»

ኮሮና የለባትም፣ ስኳር ነው፣ አለቀ፣ ሞታለች ማለቷ ነው። ስኳር እንዳለባት ራሷም አታውቅም ነበር። ጾሙ ሰመረላት ብዬ ስቀናባት፣ ለካ ሥጋዋን የሚበላውም፣ ትንፋሿን ሙዝ ሙዝ የሚያሰኘውም በሽታው ኖሯል። ማዳም ኮሮና አይደለም ብላም ፈራች፤ ልብሷን በጥቁር ከረጢት ከደጅ ጥላ «ያላ፣ አቃጥለው!» አለችኝ።  ከረጢቱን ተሸክሜ ክፍሌ ገባሁ።

ኪሎዬ እንደሁ ከነጉልበት ሕመሙ ተመልሷል፤ ሐኪሙ ዛሬም ቀንስ ይለኛል። ይበል። እኔ ቀንሼ የሚያየኝ የለም።

ከረጢቱን በተቀበልኩ ማግስት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ባልዲዬን የአትክልቱ ቧንቧ ሥር አደረግኩ። ቀሚሱን ከከረጢቱ አውጥቼ አራቱን መርፌ ቁልፍ ፈታሁና እንዳይጠፉ ሸሚዜ ደረት ላይ ሰካኋቸው። ጰራቅሊጦስ ገና ነበር። ማዳም በመስኮት እያየችኝ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሳሙናውን ደጋግሜ እየመታሁ የሴት ቀሚስ አጠብኩ።