ዘንዶው ማን ነው?

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ያ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አሥራ አንድ ሴቶች አየሁ። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የወሰዱኝ «ለአጭር ጥያቄ» ብለው ነበር፤ ሰው ስልኬ ላይ ስለላከልኝ አንድ ጽሑፍ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ሁላችንም አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተን ቆምን። ከመካከላችን ከሐይቁ ዳር ያመጧቸው አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ዝናቡ አላባራ ሲል ተረት ጀመሩ።

በሐይቁ ዳር ዘንዶ ነግሦ ነበር አሉ። አገሬው የላሙን ወተት ያመጣለታል፤ በየዓመቱም አንዲት ልጃገረድ ይገብርለታል። በኋላ አንድ መንገደኛ መጣና መርዝ ያበላትን ፍየል አቀረበለት። ዘንዶው ዋጣት፤ ሞተ።

«እማሆይ፣ አማቴን የት ያውቋታል?» አለች ከሐሙሲት የመጣች ሻይ ሻጭ።

«የሌለችበት ቤት የለም፣ ልጄ» አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ሳቅን። እኔ በልቤ ያሰብሁት ሌላ ዘንዶ ነበር፤ አልተናገርሁም።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ጨዋም ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ።

«ትናንት እማሆይ ያወሩት ዘንዶ ማን ነው?»

ከእኛ አንዷ ነግራዋለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ለማወቅ አልሞከርሁም።

«ተረት ነው፣ ጌታዬ።»

«ተረቱንማ እናቴም ነግራኛለች። እሳቸው ማንን ማለታቸው ነው? መንግሥትን ነው ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ነገ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ፍልሰታ ከነገ ወዲያ አይደል የሚገባው?»

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያን ፍልሰታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጾም፣ አብረን ልናስቀድስና ልንቆርብ ተነጋግረን ነበር። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ ጣቱን ግን ቁስሉ ላይ አሳረፈው።

ብዕሩን አነሣሁ። ምናልባት እማሆይ እሱ እንዳለው አስበው ይሆናል። ግን ሻይ ሻጯ አማቷን አየች፣ እሱ አለቆቹን አየ፣ እኔም የራሴን አየሁ። ያ ተረት ስንት ንጉሥ አሳልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ዘንዶውን የሚያመጣው ሰሚው ነው። የእሳቸውን ልብ አውቃለሁ ብዬ ብጽፍ በሐሰት መመስከሬ ነው።

«በሐይቁ ዳር ዘንዶ ነግሦ ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ገጹ ሲሞላ ሌላ ወረቀት ጠየቅሁ፤ ደስ ብሎት ሰጠኝ። እስከ ዘንዶው ሞት ድረስ ጻፍሁና ከሥሩ ፈረምሁ።

ቆሞ አነበበው።

«በእኛ በኩል ፍየል አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «በግ ናት።»

«ላርመው?»

«ተይው። ወደ ክፍልሽ ተመለሺ።»

እማሆይን በሳምንቱ ለቀቋቸው። እኔ ፍልሰታን እዚያው ጾሜ ፈታሁ። ልጄን ወስዳ ያስቆረበቻት ጎረቤቴ ናት።

ዛሬ ከልጄ ጋር ሩቅ አገር እንኖራለን። አንዳንድ ወዳጆች ያደረግሁትን ድፍረት ይሉታል። እኔ ኃጢአቱን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ልጄ አድጋለች። ያን ጊዜ ያልመጣሁት ስላልለቀቁኝ እንደሆነ ታውቃለች። መምጣት እችል እንደነበር ገና አልነገርኋትም።