ዲናሞዬን ዲመካ ላይ አገኘሁት

አንድ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ሽንኩርቴን አራግፌ ወደ መኪናዬ ስመለስ፣ አንድ ፒክአፕ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። የሰው ሞተር ማየት አመል ሆኖብኛል... ጠጋ ብዬ አጎነበስኩ። ዲናሞው ላይ የኔ ፊደል ተጭሯል። «በ»። በላይነሽ ማለት ነው። በራሴ ምስማር፣ በራሴ እጅ የጫርኩት!

ልቤ ዘለለ። በንዴት ብቻ እንዳይመስላችሁ... በደስታም ጭምር። የጂንካውን መካኒኬን፣ ምህረቱን፣ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዬ በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ናት፤ በዕድሜ ግን የመጨረሻ ልጄን ትበልጣለች። አዲስ ዕቃ የመግዛት አቅም ስለሌለኝ ያለውን እያሳጠብኩ፣ እያስጠገንኩ ነው የምነዳት። ሰው ደግሞ አላምንም። ፊደል ሳልቆጥር የባሌ ወንድም ባመጣው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አኑሬ ግማሽ ጓሮዬን አጥቻለሁ። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ በእልህ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ደህናውን ዕቃ ለሌላ ይገጥሙና የደከመውን ለአንተ ይሰጡሃል ሲባል ሰምቻለሁ። አባቴ ከብቶቹ ከሰው መንጋ እንዳይቀላቀሉ ጆሯቸውን በራሱ ምልክት ይቆርጥ ነበር። እኔም ከእሱ አላንስም... ምህረቱ የመኪናዬን ዕቃ ሊያጥብ ሸራ ላይ ፈታትቶ ዘይት ሊገዛ ብድግ ሲል ምስማሬን አወጣሁና ሸራው ላይ የተዘረገፈውን ብረት ሁሉ «በ»፣ «በ»፣ «በ» አልኩበት።

ገጣጥሞ ሲያስረክበኝ፣ «እማማ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አዲስ ስለሆነ ከሳምንት በኋላ ይላላል። ብቅ ይበሉ፣ አጠብቅልዎታለሁ» አለኝ።

«አዎ፣ እንደገና ልትፈታታብኝ!» አልኩ በልቤ። አልሄድኩም።

በሦስተኛው ሳምንት መብራቷ ፈዘዘ፣ ባትሪዋ አልሞላ አለ። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ላይ ምልክቴን ብፈልግ አጣሁት። በቃ፣ ለውጦታል! ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነገርኩ። ለሙዝ ነጋዴው ለአቶ ደስታም ነገርኩ። እሱ በማግስቱ የጭነት መኪናውን ከምህረቱ ጋራዥ አስወጣ... የምህረቱ ትልቁ ደንበኛ እሱ ነበር። ሌሎቹም ተከተሉት።

አንድ ቀን ምህረቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «እማማ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩት።

እንግዲህ ዲመካ ላይ ምን እንደተሰማኝ አስቡት።

«ሌባ! ይሄ ዲናሞ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባለመኪናው የሐመር ሰው ነው፣ የፍየል ነጋዴ። ምንም አልደነገጠም።

«አንቺ፣ ዲናሞ የኔ ነው። መኪና ስገዛ አብሮ መጣ።»

«ስሜ ተጽፎበት ነው የመጣው?»

«ስም እኔ አልጻፍኩም። ምህረቱ ጋ አሳጠብኩ፣ ከዚያ ስም መጣ።»

«ሰማችሁ? ምህረቱ ጋ!» አልኩ ለተሰበሰበው ሰው።

አንዲት ማር ሻጭ ከኋላ፣ «እስቲ የሷም ይከፈት!» አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ መኪናዬ ጎረፈ። ነጋዴው እጁን ከሥር ሰዶ የዲናሞዬን ሆድ በጨርቅ ወለወለና ስልኩን አበራበት። ከታች በኩል፣ ወደ መሬት ዞሮ... «በ»።



«ያንቺ መኪና ስንት ዲናሞ አለው?» አለኝ ነጋዴው።

«መለዋወጫ ነዋ!» አለች ማር ሻጯ። «አንዱን ለማክሰኞ ገበያ፣ አንዱን ለቅዳሜ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አንተ መቼ ነው ያሳጠብከው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ያን ቀን ነው፣ አንቺ የነበርሽ ቀን። ማንጎ ሥር ጋደም ብዬ አየሁሽ፣ ብረት ስትጭሪ። እዚያ ተቀጥረሽ የምትሠሪ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ለካ ሸራው ላይ የሁለት መኪና ዕቃ ነበር የተዘረገፈው። የሰውየው ዲናሞ ላይ ስሜን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ነጋዴው አልሳቀም። ቺንጋዬን በጣቱ ጫን አደረገው፤ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል። «ላልቷል» አለና ቁልፍ አምጥቶ አጠበቀው። ሞተሩን ሳስነሳው መብራቷ እንደ ድሮዋ ቦግ አለ። ከአንድ ወር በላይ የተብከነከንኩት ምህረቱ ይምጡ ብሎኝ በቀረሁበት ሥራ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንዲት ባጃጅ ብቻ ቆማለች። ያደረግሁትን አንድ ሳልደብቅ ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና፣

«ይቅር ብያለሁ እማማ። ልጆቼ ግን ይቅርታ አይበሉም። የአቶ ደስታን መኪና ይመልሱልኝ» አለኝ።

በቀጥታ አቶ ደስታ ዘንድ ሄድኩ። «ተሳስቼ ነው፣ ሰውየው ንጹሕ ነው» አልኩት። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ።

«እትዬ በላይነሽ... ምን ሰጥቶዎት ነው?»

ማልኩለት። የዲመካውን ጉድ ራሴን እያዋረድኩ አወራሁለት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስፈራርቶዎት ከሆነ አይደብቁኝ» አለ።

የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ያው ናቸው። «አንቺማ ልብሽ ሩኅሩኅ ነው፣ ይቅር ብለሽው ነው» ብለው እጄን ጨበጡ እንጂ አንዷም አልተቀበለችኝም። በሕይወቴ ሩኅሩኅ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ ዛሬ ወደ ምህረቱ ጋራዥ የተመለሰ መኪና የለም። ሌባ ነው ብዬ ስዞር ግን... አንድ ሰው እንኳ ማስረጃ አልጠየቀኝም ነበር።